ቻርተሩ ሊቀየር ነው፤ ሰኞ ሄጄ ምን ልበል?

የልጆች ጠባቂ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ሥራዬ ቤቴ ውስጥ ሕፃናት መጠበቅ ነው። ባለፈው ሳምንት የቤቴ በር ላይ ወረቀት ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የከተማው ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጉ፣ ሊሻሻል ነው ይላል። ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ፣ የምክር ቤት አባላት ዘመን ከ2 ዓመት ወደ 4 እንዲያድግ፣ ከንቲባውንም ሕዝቡ ሳይሆን ምክር ቤቱ ከራሱ አባላት እንዲመርጥ።

እኔ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። የመጀመሪያውን ሳነብ ደስ አለኝ። ሕፃናቱን በጋሪ የምገፋበት የእግረኛ መንገድ ከተሰባበረ ሁለት ክረምት አለፈው። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ "መዝግበነዋል" ነው መልሱ። የቀሩትን ሁለቱን ሳነብ ግን ቅር አለኝ። ድምፅ ሰጡን፣ ግን በ4 ዓመት አንዴ፣ ያውም ከንቲባውን ሳይጨምር።

ባለቤቴ ደግሞ "ዜግነትሽን ታበላሺዋለሽ፣ እንዳትነኪው" ብሎ ይዞኛል። ሰኞ ማታ ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ አለ። ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ። ሄጄ ምን ልበል?

ታኮማዋ፦
እህቴ፣ እኔ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክ ከተማ ነኝ። እዚህ ዜጋ ላልሆነ ሰው ምርጫ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ቀድሞ ሕዝቡ ተጠይቆ ለጥቂት ነው ያለፈው።

ዋናው ነገር የመራጮች መዝገቡ ነው። ከተማው ዜጋ ላልሆኑት የራሱ መዝገብ አለው፣ ከስቴቱ ጋር አይቀላቀልም። እናንተም ጋ እንደዚያ መሆኑን ጠይቂ። የባለቤትሽ ፍርሃት ከመሬት አልተነሳም። የዜግነት ማመልከቻው "ለምርጫ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ግን ዜጋ ላልሆነ በተፈቀደበት ከተማ በሕጋዊ መንገድ የመረጠ "የለም" ማለት እንደሚችል አዲሱ ቅጽ ላይ እዚያው ተጽፏል። ከመሙላትሽ በፊት ግን ለጠበቃ አሳዪ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታሳድሺ "ለምርጫ ልመዝግብሽ?" ቢሉሽ አደራ፣ እሺ እንዳትዪ! እሱ የስቴቱና የፌዴራሉ ምርጫ ነው። በስህተት ፈርመው መከራቸውን ያዩ አሉ።

ጋሽ ነገረኛ፦
እኔ 4 ዓመቱን እደግፋለሁ። በ2 ዓመት ሰውየው በጀት ማንበብ ሲለምድ ምርጫ ይደርሳል። ብቻ ሁሉም ወንበር በአንድ ቀን አይለቀቅ። ግማሹ ዘንድሮ፣ ግማሹ ከ2 ዓመት በኋላ ይመረጥ በያቸው። ያኔ በየ2 ዓመቱ የምትቆጪው ሰው አታጪም።

የከንቲባውን ግን አልቀበልም። "ሥራውን የሚሠራው የተቀጠረው ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ከንቲባው ስብሰባ ነው የሚመራው" ይሉሻል። ይሁን። ግን ከምክር ቤቱ ሰው ሁሉ ጎረቤቴ በስም የሚያውቀው ከንቲባውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የከተማዋን ቻርተር በአዋጅ 361/1995 ያወጣው የተወካዮች ምክር ቤት ነበር፣ ማን ጠየቀኝ? እዚህ ከጠየቁሽ ተናገሪ።

የኮሌጅ ፓርኩ፦
ድምፅ አቆጣጠሩን አትርሺ። እኛ ጋ፣ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2017 ምክር ቤቱ ዜጋ ያልሆነ እንዲመርጥ 4 ለ 3 ወሰነ፣ አንዱ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። አለፈ ተባለ፣ ዜናውም ወጣ። ቀናት ሳይቆይ ነገሩ ተገለበጠ። ለካ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ራሳቸው ቻርተር ለመቀየር ከ8ቱ የ6 ሰው ድምፅ ያስፈልጋል ብለው ደንግገው ነበር። የራሳቸውን ሕግ ረስተውት! ስለዚህ "ስንት ድምፅ ነው የሚያሳልፈው?" ብለሽ ጀምሪ።

ሌላው፣ ሜሪላንድ ውስጥ የቻርተር ማሻሻያ ምክር ቤቱ ካጸደቀው በ50ኛው ቀን ይጸናል። ወደ ሕዝበ ውሳኔ የሚሄደው በ40 ቀን ውስጥ ከከተማው መራጭ 20 በመቶው ከፈረመ ነው። 40 ቀን ለተዝካር እንጂ ለፊርማ አጭር ነው። አንቺ ደግሞ ገና መራጭ ስላልሆንሽ መፈረም አትችዪም። ያለሽ ሰኞ ነው።

የልጆች ጠባቂ፦
ተባረኩ። ሦስቱ አንድ ላይ ታስረው አይቅረቡ፣ ለየብቻ ድምፅ ይሰጥባቸው እላለሁ። ጊዜ ከተረፈኝ የጋሪውን መንገድ አነሳለሁ። ባለቤቴ መልሳችሁን ሁለቴ አንብቦ "እኔም እመጣለሁ" ብሏል።

ታኮማዋ፣ መንጃ ፈቃዴ የሚያበቃው በሚቀጥለው ወር ነው። እንኳን ጠየቅሁ።