ከኬሞ በኋላ ዕጢው ቀንሶ ሳለ እንደገና ናሙና መውሰድ ለምን አስፈለገ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የ67 ዓመት ሰው ናቸው። የሳንባ ካንሰራቸው ደረጃ 3ኤ መሆኑና በደረታቸው መካከል ወዳሉት ንፍፊቶች (ሊምፍ ኖዶች) መዛመቱ በናሙና ተረጋግጦ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞ ወስደዋል። አሁን ሲቲ ስካኑ ዕጢው በግማሽ ገደማ መቀነሱን ቢያሳይም፣ ሐኪሞቹ ፔት ስካን ካልተነሡና በአየር ቧንቧ በኩል ዳግመኛ ናሙና ካልሰጡ ወደ ቀዶ ሕክምና አንሄድም ብለዋል። እሳቸውም «አንዴ ተወግቼ የለም ወይ?» እያሉ ተማርረዋል።

መልስ 1 (የሳንባ ሐኪም)፦
ለአባትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። ቀዶ ሕክምናውን የሚወስነው በአብዛኛው የዕጢው መጠን ሳይሆን የንፍፊቶቹ ሁኔታ ነው። ሲቲ ስካን የሚለካው መጠንን ብቻ ነው፤ በአጭር ጎኑ ከ10 ሚሊሜትር የበለጠ ንፍፊት አብጧል ይባላል፣ ነገር ግን ካንሰሩ ሞቶ ጠባሳው ብቻ የቀረበት ንፍፊት ትልቅ ሆኖ ሊቆይ፣ ትንሹ ደግሞ ሕያው የካንሰር ሕዋስ ይዞ ሊገኝ ይችላል። ፔት ስካን እንደ ካንሰር ስኳር በብዛት የሚወስደውን ሥፍራ አድምቆ ስለሚያሳይ ይሻላል፤ ሆኖም የተቆጣ (የተለበለበ ወይም ያበጠ) ሥጋም ስኳር ስለሚወስድ፣ በተለይ ከጨረር ሕክምና በኋላ፣ የደመቀ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ስለዚህ ናሙናው ግድ ነው።

በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ የሚወሰደው ናሙና ካንሰር ካሳየ ይታመናል። ካላሳየ ግን መርፌው ጠባሳውን ብቻ ወግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አንገት ሥር በትንሹ ተቀዶ በሚገባ መሣሪያ ማረጋገጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ይህ የአንገት ሥር ምርመራ ሁለተኛ ጊዜ ሲደረግ ሥጋው ተጣብቆ ስለሚያስቸግር፣ መጀመሪያ በመርፌ ብቻ መመርመራቸው እንደ እኔ አስተያየት ብልህነት ነበር።

መልስ 2 (አስታማሚ)፦
እኔ እናቴን ሳስታምም የደረሰብኝን ልጨምር። ለፔት ስካን ለስድስት ሰዓት ያህል መጾም ነበረባት፤ ከሄደች በኋላ ግን ጠዋት ስኳር ያለበት ሻይ መቅመሷን ስትናገር ቀጠሮው ተላለፈ። የስኳር ሕመም ካለባቸው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የበፊቱን ሲቲ ስካን ሲዲም ያዙ፣ ያለ እሱ ማነጻጸር አይቻልም።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጨረር አልወሰዱም። ንፍፊቱ ውስጥ አሁንም ካንሰር ቢገኝስ?

መልስ 1፦
ያኔ ቡድኑ ቀዶ ሕክምናውን ትቶ ወደ ጨረርና መድኃኒት ሊያዘነብል ይችላል። በአዲሱ ውጤት ላይ ከደረጃው በፊት «ዋይ» የምትል ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ብታዩ አትደንግጡ፤ ደረጃው ከሕክምና በኋላ የተለካ መሆኑን የምታመለክት ናት።