ሆይ አን ውስጥ ብቻዬን ታምሜያለሁ፣ ምን ላድርግ?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቬትናም ነው፣ ሆይ አን የምትባል የድሮ የወደብ ከተማ ውስጥ። የምሠራው ዱባይ ነው፣ የዓመት ፈቃዴን ይዤ ብቻዬን መጣሁ። ለዚህች ከተማ ስል ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ቢጫ ቀለም የተቀቡትን የነጋዴ ቤቶች፣ የጃፓኖቹን ድልድይ፣ ማታ ማታ ቱ ቦን ወንዝ ላይ የሚለቁትን መብራት፣ ሁሉንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አየሁ። ከትናንት ወዲያ ማታ ግን ድንገት ብርድ ብርድ አለኝ። ከዚያ ትኩሳት፣ 39.2። ከዓይኔ ጀርባ የሚወጋኝ ነገር አለ። ወገቤና ጉልበቴ የተቀጠቀጠ ያህል ያመኛል፣ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሁለቴ አስመለሰኝ። ተቅማጥ የለም፣ ሳልም የለም።

ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ብትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። ያረፍኩበት ቤት ሰዎችም ተላላፊ በሽታ ነው ብለው እንዳያስወጡኝ ፈራሁ። በሩን ዘግቼ ተኝቻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ አሞክሳሲሊንና አይቡፕሮፌን አለኝ። ታይፎይድ ይሆን? አሞክሳሲሊኑን ልጀምር ወይስ አንድ ሁለት ቀን ልታገሥ? የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

ሲስተር ቲ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ነርስ ነኝ። አሞክሳሲሊኑን ተዪው፣ በሽታው ሳይታወቅ አንቲባዮቲክ አይጀመርም። አይቡፕሮፌኑንም ተዪው፣ አስፕሪንም እንዳትነኪ። የነገርሽን ምልክት የዴንጊ ሊሆን ይችላል፣ በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ በሽታ ነው፣ ዴንጊ ከሆነ ደግሞ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የመድማት አደጋውን ይጨምራሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ብቻ ውሰጂ። ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ በየ6 ሰዓቱ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳያልፍ።

ከመድኃኒቱ በላይ የሚያድንሽ ፈሳሽ ነው። እኛ ለምለም የምንለው ዱቄት እዚያ ኦሬሶል ይባላል፣ መድኃኒት ቤት ታገኚዋለሽ። እስኪመጣልሽ ድረስ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪ፣ ማንኪያው ልክ እስከ አፉ ይሁን፣ አይከመር። የሚያስመልስሽ ከሆነ በአንዴ አትጠጪው፣ ትንሽ ትንሽ እያልሽ ውሰጂ። ሽንትሽን ተከታተዪ፣ ከቀነሰ ወይም ከጠቆረ ፈሳሹ አልበቃሽም ማለት ነው።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ትኩሳቱ ሲለቅሽ ዳንኩ ብለሽ እንዳትዘናጊ። በዴንጊ አደገኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው። ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ማስመለሱ አልቆም ካለ፣ ድድሽ ወይም አፍንጫሽ ከደማ፣ ወይ ደግሞ ከተቁነጠነጥሽና ከደነዘዝሽ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ሂጂ። ነገ እስኪነጋ አትጠብቂ። አሁንም ቢሆን ዛሬውኑ ደም ተመርመሪ።

የድሬ ልጅ፦
ሲስተር ያለችው ልክ ነው። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ ሲገባ እኛም መጀመሪያ ታይፎይድ ወይ ወባ መስሎን ነበር። አጥንት የሚሰብር ሕመም ነው፣ እኔ ከአልጋ ወደ በር ለመሄድ ግድግዳ ይዤ ነበር። ትንኟ እንደ ወባዋ ሌሊት ጠብቃ ብቻ አይደለም የምትነድፈው፣ በጠራራ ቀንም ትነድፋለች። ስለዚህ አሁንም ቀን ስትተኚ አጎበር ዘርጊ፣ ከአንቺ ወስዳ ለሌላ ሰው ታስተላልፋለች።

ከዚህ በፊት ዴንጊ ይዞሽ ያውቃል? ይዞሽ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ቫይረሱ አራት ዓይነት ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ በሌላኛው ዓይነት የተያዘ ሰው ሊጠናበት ይችላል።

ዳናንግ የቆየ፦
እኔ እዚያው አካባቢ ለሥራ ቆይቻለሁ። እህቴ፣ መጀመሪያ በሩን ክፈቺና ለእንግዳ ተቀባይዋ ንገሪያት። ዴንጊ ለእነሱ እንግዳ በሽታ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ እንደማይተላለፍም ያውቃሉ። ቋንቋ ካልተግባባችሁ ስልክሽ ላይ አስተርጉመሽ አሳያት። ቢያንስ አንድ ሰው እየገባ ይይሽ። እኔ በጣም የፈራሁልሽ ትኩሳቱን ሳይሆን የዘጋሽውን በር ነው።

ትልልቆቹ ሆስፒታሎች ዳናንግ ከተማ ናቸው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች። ያረፍሽው አሮጌው ሰፈር ውስጥ ከሆነ መኪና በአብዛኛው ሰዓት አይገባም፣ ስለዚህ ታክሲው የት ድረስ እንደሚመጣ አስቀድመሽ ጠይቂ። በዚያ ትኩሳት ድንጋይ መንገድ ላይ ሻንጣ እንዳትጎትቺ፣ ፓስፖርትሽን፣ ስልክሽንና ቻርጀርሽን ብቻ ያዢ። አምቡላንስ 115 ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ካለሽ ከመሄድሽ በፊት ደውይላቸው፣ ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቢ። ኤንኤስ1 የሚባለውን የዴንጊ የደም ምርመራና የደም ቆጠራ ጠይቂ። ኤንኤስ1 በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው በደንብ የሚያሳየው።

መንገደኛዋ፦
እንባዬ እየመጣ ነው ያነበብኩት። ወርጄ ለእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ነገርኳት። ምንም አላለችም፣ ግንባሬን ነካችና ወዲያው ወንድሟን ጠራችው። እስከ ዳናንግ ድረስ አብራኝ ሄደች። ዴንጊ ነው። ከዚህ በፊት ይዞኝ አያውቅም። ፕላትሌቴ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ማለት ነው፣ ቀንሷል ግን ሆስፒታል የሚያስተኛ አይደለም አሉኝ፣ በየቀኑ እየመጣሽ ለምርመራ ደም ትሰጫለሽ ተብያለሁ። የመልስ በረራዬንም ሐኪሙ እስኪፈቅድ አራዝሜዋለሁ።

አሁን በሬ ክፍት ነው። የልጅቷ እናት ጠዋትና ማታ የሩዝ ገንፎ ታመጣልኛለች። ስሙን ስጠይቃት ቻው አለችኝ፣ ልትሄድ መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላት። ለእናቴም ደወልኩ። አልቅሳ ስታበቃ የጠየቀችኝ የሴትዮዋን ስም ነው፣ ስለት ልታስገባላት።

ሲስተር ቲ፦
ተመስገን! የነገውን የደም ውጤት እዚሁ ጻፊልን። ኦሬሶሉን እየጠጣሽ ነው አይደል?