ጠዋት ጠዋት ሆዱን የሚያመው ወንድሜ

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ናችሁ የወሎ ልጆች። ታናሽ ወንድሜ 6ኛ ክፍል ነው፤ ዘንድሮ ከደላንታ አምጥቼው ከእኔ ጋር ሆኖ ደሴ ይማራል። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል፣ አንዳንዴም ያስመልሰዋል። ክሊኒክ ወሰድኩት፣ እንደተለመደው ታይፎይድና ጨጓራ ተባለ፣ መድኃኒቱን ጨረሰ፣ ለውጥ የለም። ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ነው፣ እንደውም ሽሮውን ጠራርጎ ይበላል። ኋላ ላይ የጎረቤት ልጅ ናት የነገረችኝ፤ ሦስት የክፍሉ ልጆች በአነጋገሩ ያሾፉበታል፣ "ገጠሬ" ይሉታል፣ ደብተሩን ይደብቁበታል፣ የዳቦ ብሩንም ይቀሙታል። ስጠይቀው ዝም ነው። እያስመሰለ ነው ወይስ እውነት ያመዋል? ትምህርት ቤት ሄጄ ልጩህ ወይስ ይባስበታል?

የፒያሳው፦
ኧረ አታካብጂ። ወንድ ልጅ አይደል እንዴ? አንዱን አፍንጫውን ይበለውና ይገላገል። እኛም እንደዛ ነው ያደግነው።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦
የፒያሳው፣ ሦስት ለአንድ ነው እኮ የተባልከው! ቢማታ ተደብድቦ ይመለሳል፣ ካልሆነም እሱ ይቀጣል።

አብሽሪ እህቴ፣ እያስመሰለ አይደለም። ልጅ ሲፈራ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የጭንቀት ሆርሞኖች ይለቃል፣ አንጎልና አንጀት ደግሞ በነርቭ የተያያዙ ስለሆኑ ፍርሃቱ ሆድ ላይ ይወጣል። ቁርጠቱ የእውነት ነው፣ መነሻው ነው ሌላ። በትምህርት ቤት ጥቃት የሚደርስባቸው ልጆች ራስ ምታትና ሆድ ቁርጠት የሚያጋጥማቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ገደማ እንደሆነ በብዙ አገር ጥናት ታይቷል። "ልጅ ነው፣ ይረሳዋል" ለሚሉት ደግሞ፣ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1958 በአንድ ሳምንት የተወለዱ ልጆችን እስከ 50 ዓመታቸው ተከታትለው ነበር፤ በ7 እና በ11 ዓመታቸው ሲጠቁ የነበሩት 50 ሞልቷቸውም ድብርትና ጭንቀት ይበዛባቸው ነበር።

በነገራችን ላይ ዊዳል የምትባለዋ የደም ምርመራ ብቻዋን ታይፎይድ ነው ለማለት አትበቃም። ግን ከከሳ፣ ሌሊት ሕመሙ ከቀሰቀሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ካየሽ ወይ ትኩሳት ካለው እንደገና ይታይ። እንቅልፍ እምቢ ካለው ወይ "ብሞት ይሻላል" ዓይነት ነገር ከወጣው አንድ ቀንም አታሳድሪ፣ የአእምሮ ሕክምና ያለበት ሆስፒታል ውሰጂው።

መምህር፣ ወልድያ፦
አትጩሂ። ልጆቹ ቤትም አትሂጂ፣ የወላጅ ጠብ ይሆናል። ክፍለ ጊዜ በሌላት ሰዓት የሆም ሩም መምህሯን አግኚ፤ ምን፣ መቼ፣ የት እንደተደረገበት ጽፈሽ ሂጂ። ካልሰሙሽ ዩኒት ሊደሩ፣ ከዚያ ርዕሰ መምህሩና ወላጅ መምህር ኅብረቱ አሉ።

አንድ ነገር አጥብቀሽ እምቢ በይ። እኛ መምህራን ችግር ሲመጣ የምናውቀው ማስታረቅ ነው። አራቱንም ቢሮ እንጠራና "በሉ ተጨባበጡ፣ ወንድማማች ናችሁ" ብለን እንሸኛለን፣ ልጁን ግን በር ላይ "አሳበቅክ" ብለው ይጠብቁታል። ወሎ በአበጋሮቹ፣ በባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ የታወቀ አገር ነው፣ ሽምግልናን አልንቅም፤ ግን እርቅ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ሲጣላ ነው። እዚህ እኮ ጠብ የለም፣ አንዱ አጥቂ ነው ሌላው ተጠቂ። ለየብቻ ነው መነጋገር ያለባቸው። አጥፊዎቹም ተገርፈው ብቻ ከተለቀቁ ቂሙን እሱ ላይ ይወጡታል፤ ከእነሱ ውስጥ ራሱ ቤቱ የሚደበደብ አይጠፋም።

ከሁሉ በላይ ወሳኞቹ ግን ቆመው የሚስቁት ልጆች ናቸው። ሳቁ ካለ ሹፈቱ አይቆምም። ፊንላንዶች ኪቫ የሚባለውን የትምህርት ቤት ጥቃት መከላከያ ፕሮግራማቸውን የሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው፣ ተመልካቹን ከተጠቂው ጎን ማሰለፍ። ስለዚህ መምህሯ ደህና ልጆች አጠገብ ታስቀምጠው፣ ያቺ የጎረቤት ልጅም ስትሄድም ስትመለስም አብራው ትሁን።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት እንጀራ እየጋገርኩ ፊቱን ሳላይ ቀስ ብዬ ጠየቅኩትና ትንሽ ተናገረ። ለካ ብሩ ብቻ አይደለም፣ ሽንት ቤትም አያስገቡትም፣ ቀኑን ሙሉ ይዞ ነው የሚውለው። በቃል ልንገራቸው ወይስ ማመልከቻ ልጻፍ?

መምህር፣ ወልድያ፦
ጻፊ። የሽንት ቤቱን ነገር መጀመሪያ ላይ አድርጊው፣ ኮፒውን አስቀሪና ተቀባዩን አስፈርሚ።