«በመገጣጠሚያ ቅየራ ላይ ልዩ ፍላጎት አላቸው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ጥያቄ፦
የእናቴ የጉልበት መገጣጠሚያ ክፉኛ ስለተጎዳ በሰው ሠራሽ እንዲተካ ተወስኗል። ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርጉት ሐኪም መግለጫ ላይ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆናቸውና «በመገጣጠሚያ ቅየራ ላይ ልዩ ፍላጎት» እንዳላቸው ተጽፏል። ይህ አባባል ተጨማሪ ሥልጠና መውሰዳቸውን ያመለክታል ወይስ የሚወዱትን ሥራ ብቻ ነው? ሐኪሙን ሳላስቀይም ስለ ልምዳቸው ምን ብጠይቅ ይሻላል?

ምላሽ 1፦
አባባሉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ማንኛውም የአጥንት ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ከጠቅላላ ሕክምና ትምህርት በኋላ ዓመታት የሚፈጅ ሥልጠና ወስዷል፤ በዚያም ውስጥ ስብራትን፣ የአከርካሪና የሕፃናትን ችግሮች፣ የመገጣጠሚያ ቅየራንም በየተራ ተምሯል። በቅየራ ላይ ብቻ የሚያተኩረው ፌሎሺፕ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ የሚወስድ ራሱን የቻለ ሥልጠና ነው። በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥቅሙ የላላን ወይም ኢንፌክሽን ያገኘውን ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ አውጥቶ፣ በሳሳ አጥንት ላይ ሌላ መትከልን ማስተማሩ ነው። ስለዚህ ፌሎሺፕ መውሰዳቸውንና በዓመት ስንት ጉልበት እንደሚቀይሩ በቀጥታ ይጠይቁ፤ ደጋግመው በሚሠሩት ሐኪሞች እጅ የድጋሚ ቀዶ ሕክምና አስፈላጊነት አነስ ብሎ መገኘቱ በብዙ ጥናቶች ታይቷል።

ምላሽ 2፦
«ፍላጎት» የሚለውን ቃል ግን ጨርሶ አንናቀው። እንግሊዛዊውን ሐኪም ጆን ቻርንሊን ወደ ዳሌ ቅየራ የሳባቸው፣ አክሪሊክ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ የጭን አጥንት ራስ የተተከለለት አንድ ታካሚ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዳሌው ሲያንቋርር መስማታቸው ነበር። ድምፁ የሰበቃ ውጤት መሆኑን ተረድተው መገጣጠሚያ እንዴት ያለ ችግር እንደሚንሸራተት መመርመር ጀመሩ። በመጀመሪያ የመረጡት ቴፍሎን የተባለ አንሸራታች ፕላስቲክ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየተበላ፣ ብናኙም በዙሪያው ያለውን ሥጋ ስላስቆጣ፣ ብዙ ታካሚዎቻቸውን እንደገና ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ተገደዋል (የቁሱን ናሙና በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስቀብረው እስከ መሞከርም ደርሰዋል)። እ.ኤ.አ. በ1962 ፖሊኤቲሊን ወደተባለ ሌላ ፕላስቲክ ዞሩ፤ የተሻሻለው ዓይነቱ ዛሬም በዳሌም በጉልበትም ውስጥ ይገባል። እኔ ብሆን ሐኪሙን «የቀየሩላቸውን ሰዎች ከዓመታት በኋላ ያገኟቸዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ምላሽ 3፦
የቻርንሊ ታሪክ የዳሌ ነው፤ የእናትዎ ጉዳይ የጉልበት ነው። ዳሌ አዘውትሮ የሚቀይር ሐኪም ጉልበት አልፎ አልፎ ብቻ ሊሠራ ስለሚችል ቁጥሩን ለየብቻ ይጠይቁ። ሠልጣኝ ሐኪም የሚሳተፍ ከሆነም የትኛውን ክፍል ማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ መብትዎ ነው፤ ጠንቃቃ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።