ጥቆማ፦ ለሃርድቶፕ ጎማ የሚሆን የእጅ ኮምፕሬሰር የቱ ይሻለኛል?

የሮብ ገበያ ተመላላሽ (ደብረ ማርቆስ)
እንዴት ከረማችሁ? አሮጌ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር አለኝ። ከማርቆስ ሮብ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጮቄ ሥር ወጣ ብዬ የዘር ድንች አመላልሳለሁ። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ከዋናው መንገድ ከወጣሁ በኋላ ድንጋይ በድንጋይ ነው። ንፋስ ቀነስ ካላደረግኩ መኪናውም እኔም እንበታተናለን። ከቀነስኩ ደግሞ ማታ ስመለስ መሙላት አለብኝ።

እስካሁን በእግር ፓምፕ ነበር የምሞላው። ባለፈው ሐምሌ ዝናብ እየወረደብኝ፣ መሽቶብኝ፣ አራት ጎማ በእግር ሞላሁ። ጉልበቴ ሳምንት አልዳነም። ከእንግዲህ ይበቃኛል።

ሦስት ዓይነት አይቻለሁ። በሲጋራ መለኮሻው የሚሰካ አለ። ባትሪው ላይ በመቆንጠጫ የሚታሰር አለ። እንደ ስልክ ቻርጅ የሚደረግም አለ። የተጠቀመባቸው ሰው ይምከረኝ። ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የት እንደሚገኝም ጠቁሙኝ።

የደጀን ልጅ
ባትሪው ላይ የሚታሰረውን ግዛ። የሲጋራ መለኮሻው ፊውዝ ብዙ ጊዜ 15 አምፒር ነው፣ አንዳንዱ 10 ነው። ለትልቅ ጎማ የሚሆን ጠንካራ ኮምፕሬሰር 20 ወይም 30 አምፒር ይስባል። ስለዚህ በመለኮሻው የሚሰካ ሁሉ ደካማ ሆኖ ነው የሚሠራው። ለቪትዝ ይበቃል። ላንተ አይበቃም።

ደንበኛ ነኝ (ባሕር ዳር)
ወንድሜ አትልፋ። ባሕር ዳር መናኸሪያው አካባቢ አንድ መለዋወጫ ሱቅ አለ። ባለቤቱ ሽበት ያለው፣ ቀጭን ሰው ነው። ስምንት ዓመት ደንበኛው ነኝ። ባትሪ ከሱ ገዛሁ፣ የፍሬን ሸራ ከሱ ገዛሁ፣ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ሄደህ "ኮምፕሬሰር ስጠኝ" በለው። የሚሰጥህን ያዝ።

ቡሬ ያለሁት
እኔ ደግሞ ልንገርህና ተማር። አምና አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ ሱቅ ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠራም። ካርቶኑ ላይ 150 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል። ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው፣ የማይበገር ነው ተባልኩ። ገንዘቡን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ቡሬ አምጥቼ አንድ ሁለት ጊዜ ሞላሁበት። ደህና ነበር። ከዚያ ከቻግኒ ስመለስ አራቱንም ጎማ ልሞላ አወጣሁት። ሁለቱን ሞላ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ላጠፋው እጄን ስልክ ጭስ ወጣው። ቱቦው የሚያያዝበት ነሐስ ጣቴን ላጠው፣ ጠባሳው አሁንም አለ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር፣ እሷን ቢያገኛት ኖሮ ምን እል ነበር?

ይዤው አዲስ አበባ ተመለስኩ። "ከሱቅ የወጣ ዕቃ አንመልስም" አሉኝ። ደረሰኝ አሳየሁ። "ደረሰኙ የመግዛትህ ነው፣ የዋስትና አይደለም" አሉኝ። ለትራንስፖርት ያወጣሁት፣ ያደርኩበት፣ የሥራ ቀኔ ሁሉ ቀረ። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው። በጽሑፍ ዋስትና የማይሰጥህ ሰው ጋ ምንም አትግዛ።

ደንበኛ ነኝ (ባሕር ዳር)
ይኸው! ለዚህ ነው የማውቀው ሰው ጋ የምሄደው። የኔ ሰውዬ ቢሆን ቀይሮልህ ነበር።

ቡሬ ያለሁት
ያንተ ሰውዬ ኮምፕሬሰር ሸጦልህ ያውቃል?

ደንበኛ ነኝ (ባሕር ዳር)
ኮምፕሬሰር አልገዛሁም። ሰውዬውን ግን አውቀዋለሁ። ይህ ይበቃኛል።

ጎሚስታ (ፍኖተ ሰላም)
የቡሬው ወንድሜ፣ ስለ ጣትህ አዝናለሁ። ሱቁም መልሶ ሊያነጋግርህ ይገባ ነበር። ግን ሌላው እንዲማርበት ሁለት ነገር ልጠይቅህ። ስትሞላ የመኪናው ሞተር ተነስቶ ነበር? ደግሞስ ሳታሳርፈው ስንት ደቂቃ አሠራኸው?

ቡሬ ያለሁት
ሞተሩ ጠፍቶ ነበር። ነዳጅ ላለማቃጠል ብዬ ነው። ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ ሳይሠራ አልቀረም። አሳርፈው ያለኝ የለም። የመመሪያው ወረቀት በቻይንኛ ነበር።

ጎሚስታ (ፍኖተ ሰላም)
እሱ ነው የገደለው። እነዚህ ትንንሽ ኮምፕሬሰሮች የሥራና የዕረፍት ልክ አላቸው። ለምሳሌ ቪዬር 400ፒ የሚባለው ጠንካራ ዕቃ ነው፣ እሱ እንኳ በ100 ፒኤስአይ 33 በመቶ ነው የተጻፈለት። አሥር ደቂቃ ከሠራ ሃያ ደቂቃ ማረፍ አለበት ማለት ነው። ለመኪና ጎማ የሚያስፈልገው 30 እና 40 ስለሆነ ከዚያ በላይ ይታገሳል። ርካሹ ግን አይታገስም። አብዛኛው ርካሽ ዕቃ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት መቆጣጠሪያም የለውም፣ ቢኖረውም አይሠራም።

ሞተር ጠፍቶ ሲሠራ ደግሞ የባትሪው ቮልት ይወርዳል። ኮምፕሬሰሩ ይዝላል፣ ይሞቃል፣ ሥራው ይረዝማል። ስለዚህ ሞተሩ ይነሳ። ሁለት ጎማ ሞልተህ ቡና ጠጣ። ከዚያ ሁለቱን ሙላ።

ቡሬ ያለሁት
ጋሼ፣ ይህን ሱቁ ቢነግረኝ ኖሮ ምን ነበረበት?

የሞጣ ገበሬ ልጅ
እኔ የምለው ኮምፕሬሰሩ አይደለም ችግሩ። ጎማህን ቀይር። ቲዩብለስ (ከመነዳሪ የሌለው)፣ ሰፋ ያለ፣ ለሁሉም መንገድ የሚሆን ግዛ። እኔ ሃይሉክሴ ላይ 265 በ70 በ16 አስገብቼ ዕረፍት አግኝቻለሁ። ስትበሳ ገመድ መሰሏን መድፈኛ ትወጋባታለህ፣ ትሄዳለህ።

ከቢቸና
በመረሬው ላይ ሰፊ ጎማ አይሆንም። በክረምት የቢቸናን ጭቃ አይተኸዋል? ጥቁሩ አፈር ጥርሱን ሞልቶ ጎማው እንደ ሳሙና ይሆናል። ንፋስ ብትቀንስም ያው ነው፣ ከአሸዋ ጋር አይመሳሰልም። ቀጭን ጎማ ቆርጦ ሥሩን ያገኛል። እኛ ሰንሰለት ነው የምናስር።

የሞጣ ገበሬ ልጅ
የኔ አልያዘኝም።

ከቢቸና
ነሐሴ ላይ ና።

አንባቢ ብቻ (ደምበጫ)
ሰውየው ኮምፕሬሰር ነው የጠየቀው። እስካሁን አንድ የሱቅ ባለቤት፣ አንድ የተላጠ ጣት፣ ሁለት ጎማና አንድ ሰንሰለት ተጠቁሞለታል። ድንችም እንጠቁመው?

የአምቡላንስ ሾፌር ነበርኩ (እንጅባራ)
እሺ፣ እኔ ስለ ጥያቄው ልመልስ። ሁለቱን ተጠቅሜያለሁ።

ቻርጅ የሚደረገውን ለራሴ ገዝቼ ነበር። ለትንሽ መኪና፣ ለባጃጅ፣ ለልጆች ኳስ በጣም ጥሩ ነው። ቁጥሩን ታስገባለህ፣ ሲደርስ ራሱ ይቆማል። ጎማ ትንሽ ሲጎድለው ለማስተካከልም ይመቻል። ትልቅ ጎማ ከ20 ወደ 35 ሙላ ስትለው ግን ብዙ ይቆያል። ሦስተኛው ጎማ ላይ ባትሪው አለቀብኝ። እዚያ ቆሜ መኪና ውስጥ ቻርጅ አደረግኩት። ለአንተ ዋና መሣሪያ አይሆንም።

በሥራ መኪናችን ላይ የነበረው ኤአርቢ የሚባል ኮምፕሬሰር ነው፣ ባለ አንድ ሲሊንደሩ፣ በሳጥን የሚመጣው። ባትሪ ላይ ይታሰራል። በ29 ፒኤስአይ በደቂቃ 61 ሊትር ገደማ ይገፋል። አራት ዓመት አብሮኝ ሠራ። ማጣሪያውን በየጊዜው ማራገፍ ብቻ ነው። ዋጋው ከባድ ነው፣ አልዋሽህም። እዚህ አካባቢ ሱቅ ላይ አይቼው አላውቅም። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለህ አስልክ።

የሮብ ገበያ ተመላላሽ (ደብረ ማርቆስ)
እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። ለሁላችሁም አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። ጎማዬ 7.50 በ16 ነው፣ ከመነዳሪ (ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ጎማ) ያለው። ቲዩብለስ አይደለም። ቸርኬውም የቀድሞው ነው፣ መቀየር አላሰብኩም።

ጎሚስታ (ፍኖተ ሰላም)
ከመነዳሪ ካለው ጉዳዩ ይለያል። ብዙ አትቀንስ። ንፋሱ ሲወርድ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ከመነዳሪውን ይዞ ይዞራል፣ ቫልቮላውን ከሥሩ ይቆርጠዋል። በየክረምቱ እንደዚህ የተቆረጠ ይመጣልኛል። የጭነትህን ክብደት ባላውቅም፣ ድንች ጭነህ ከ25 በታች አትውረድ። ባዶህን ስትሆን ትንሽ ዝቅ ማለት ትችላለህ፣ ቀስ ብለህ እየነዳህ።

ደግሞ ይህን ልብ በል። የተበሳ ከመነዳሪን ኮምፕሬሰር አያድነውም። ትርፍ ከመነዳሪ፣ የጎማ መፍቻ ብረት፣ መለጠፊያና ክሪክ አብረው ይሁኑ። ስኮርታህም የተሞላ ይሁን። ሰው ኮምፕሬሰር ገዝቶ ስኮርታውን ይረሳል።

ሌላው፣ ከመግዛትህ በፊት ባትሪህን እይ። አንዳንዱ የድሮ ላንድክሩዘር 24 ቮልት ነው፣ ሁለት ባትሪ ተያይዞ። 12 ቮልት ኮምፕሬሰር 24 ላይ ብታስረው ወዲያው ይቃጠላል።

ፊዚክስ አስተምራለሁ (ደብረ ማርቆስ)
አንድ ነገር ልጨምር፣ እዚህ አገር ሲነሳ አይቼ ስለማላውቅ። ካርቶን ላይ የሚጻፈው የመሙያ ፍጥነት ለባሕር ጠለል ነው። ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ሳሳ ያለ ነው። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ 10 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ እኛ ጋ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ጮቄ ላይ 4,000 ሜትር ብትቆም ወደ 16 ይጠጋል።

አስቡት። የጎማው ውስጥ 60 ሊትር ነው እንበል። ከ20 ወደ 35 ለማድረስ ማርቆስ ላይ 80 ሊትር ገደማ የአካባቢ አየር ያስፈልጋል። በደቂቃ 60 ሊትር የሚገፋ በአንድ ደቂቃ ተኩል ይጨርሳል። በደቂቃ 15 የሚገፋ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። አራት ጎማ ሲሆን ከሃያ ደቂቃ በላይ ሆነ። የቡሬው ወንድማችን ዕቃ የተቃጠለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 150 ፒኤስአይ የሚለውን አትዩት፣ በደቂቃ ስንት ሊትር ይላል የሚለውን ፈልጉ። ማንም 150 ጎማ ውስጥ አይሞላም።

የደጀን ልጅ
መምህር፣ ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣስ ጎማዬ ይጨምራል ይባላል፣ እውነት ነው?

ፊዚክስ አስተምራለሁ (ደብረ ማርቆስ)
በከፍታው ብቻ ከሆነ አዎ፣ ወደ 2 ፒኤስአይ ይጨምራል። ግን በረሃው ሞቃት ነው፣ ደጀን ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜው ያንኑ ያህል ይቀንሰዋል። ጎማው ካረፈ በኋላ ብትለካው ልዩነቱ ትንሽ ነው። አታስተካክለው።

ሲኖ እነዳለሁ
እኔ ነፃውን ልንገርህ። አራት ሜትር ቱቦ ግዛ፣ ጫፉ የጎማ መሙያ ያለው። መንገድ ላይ ቆም ብለህ የአየር ፍሬን ያለው ትልቅ መኪና እጅ አውለብልብ። ከአየር ታንኩ እንሞላልሃለን። ስንት ሰው ሞልቼ አልፌያለሁ! አንድ ሾፌር እንቢ ብሎ አያውቅም፣ ነገ ለራሱም ይደርሳል።

የአምቡላንስ ሾፌር ነበርኩ (እንጅባራ)
እውነት ነው፣ ተባረኩ። ግን ከሮብ ገበያ በላይ በምሽት ሲኖ ከየት ይመጣል?

ሲኖ እነዳለሁ
እሱስ ልክ ነሽ።

ደንበኛ ነኝ (ባሕር ዳር)
አሁን ሱቁ ደውዬ ጠየቅኩ። ኮምፕሬሰር አለ ብሏል። ስሙን አላወቀውም፣ ግን ጠንካራ ነው ብሏል። እሱ ጠንካራ ካለ ጠንካራ ነው።

ጎሚስታ (ፍኖተ ሰላም)
ማንም ጋ ሂድ፣ ግን እንዲህ አድርገህ ግዛ። መኪናህን ይዘህ ሂድ። የራስህን መለኪያ ያዝ፣ ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይዋሻል። አንዱን ጎማ 20 አውርደውና ሱቁ በር ላይ አስሞላው። ሰዓት ያዝ። ሦስት ደቂቃ ውስጥ 35 ካልገባ ተወው።

ገመዱን ዳብሰው። ቀጭን ገመድ ያለው ኮምፕሬሰር ሞተሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ አይሠራም፣ ጉልበቱ ገመዱ ላይ ይቀራል። ገመዱና ቱቦው ተደምረው ኋላ ጎማህ ይድረሱ። ጫፉ በጥርስ የሚጠበቅ ይሁን። በምላስ የሚቆለፈው ይመቻል፣ ግን ያረጀ ቫልቮላ ላይ ያፈስሳል። ሲጨርስ ጓንት አድርገህ ፍታው፣ ነሐሱ ይፋጃል። የቡሬው ወንድሜ ምስክር ነው።

ቡሬ ያለሁት
ምስክር ነኝ።

የሮብ ገበያ ተመላላሽ (ደብረ ማርቆስ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባትሪዬን አይቻለሁ፣ አንድ ነው፣ 12 ቮልት። ቅዳሜ ባሕር ዳር እወርዳለሁ። መለኪያ ዛሬ ገዛሁ።

የደጀን ልጅ
ምን እንደያዝክ ንገረን እሺ።

አንባቢ ብቻ (ደምበጫ)
ሁለት ሳምንት ሆነ። ምን ገዛህ? እኔም ልገዛ ነው።

የአምቡላንስ ሾፌር ነበርኩ (እንጅባራ)
ደህና ነህ ወንድሜ? የድንቹ ሰዓት ስለሆነ ሥራ ይዞት ይሆናል።

ቡሬ ያለሁት
ጋሼ ጎሚስታ፣ የተቃጠለው ዕቃዬ እስካሁን ቤት አለ። መጣል አልቻልኩም። የሚጠግን ሰው ታውቃለህ?

ጎሚስታ (ፍኖተ ሰላም)
ይዘኸው ና። የሞተሩ ካርቦን ብቻ ከሆነ ያለቀው እቀይርልሃለሁ። የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ተቃጥሎ ከሆነ ቱቦውንና መቆንጠጫውን ፈትተን ለሌላ እናደርገዋለን። ማክሰኞ አትምጣ፣ ገበያ ነው።