መስታወት ላይ የተጣበቀ የአርበኛ አያታችን ፎቶ

ሰላም ለሁላችሁ። አያታችን በጣሊያን ወረራ ዘመን ከራስ አበበ አረጋይ ጋር የዘመቱ የተጉለት አርበኛ ናቸው። ፎቷቸው 13 በ18 ሴንቲሜትር፣ ጥቁርና ነጭ ነው። እርጥበት ገብቶበት ኒሻኖቹ ያሉበት ቦታ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። አንድ ባለሙያ በስስ ቢላ ከጥግ ሲጀምር ምስሉ ከወረቀቱ እየተላጠ መስታወቱ ላይ ስለቀረ አስቆምነው። ከነመስታወቱ በ600 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ ደግሞ ኒሻኖቹ ላይ የቀስተ ደመና ቀለበት ወጣ። ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ጀላቲኑን (ምስሉን የያዘውን የፎቶውን ስስ ሽፋን) ያለሰልሳል፤ ግን ጀርባው ላይ የወደቁ ጓዶቻቸው ስም በብዕር ቀለም ተጽፏል፣ ለእኛ ከፎቶው አያንስም። ለሚያዝያ 27 የሁሉንም ስም ጠርተን ልናመሰግናቸው እንፈልጋለን። የጀርባው ጽሑፍ ሳይለቅ ፎቶውን ከመስታወቱ በምን ማላቀቅ ይቻላል?