የስድስቱ ቅጠል ዕቅድ፦ ተራ ቁጥር 4

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ
የጎንደር ማኅበራችን የባህል መድኃኒት ቅጠሎችን ለማስመርመር ገንዘብ የሚጠይቅበት ረቂቅ ይኸው። ስድስት ቅጠል ነው፦ ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ብሳና፣ ምስርች፣ ቀጠጥና፣ ግራዋ። የሚሞከሩት በሦስት ባክቴሪያ ላይ ነው፦ ስታፊሎኮከስ አውሬስ፣ ኢ ኮላይ፣ ሱዶሞናስ። ጠቅላላው 280,000 ብር። ጥር 30 መግባት አለበት። የቀረን 12 ቀን ነው። ያላችሁን እዚሁ ጻፉ። ባለፈው በስልክ የተባባልነው ሁሉ ተካክደናል።

መሪጌታ
ስማችን የቱ ጋ ነው? ያምናው አልወጣልኝም። አሥር ቅጠል በእጄ ቆርጬ ሰጠሁ። ጽሑፉ ሲወጣ «የአካባቢው ሰዎች» ተባልን። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ አንዲት ቅጠል ከጓሮዬ አትወጣም።

ጸሐፊ
ገጽ 2 ላይ አለ መሪጌታ። አዋጅ ቁጥር 482/1998ም ተጠቅሷል። የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ተካፋይነት እንደማይወሰድ የሚደነግገው ነው።

ገንዘብ ያዥ
የበጀቱ ተራ ቁጥር 4 ላይ «ማስፈጫ 6,000 ብር» ይላል። ለምንድነው? ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ያለው ወፍጮ ቤት በጥቂት ብር ይፈጭልናል። ይሰረዝ።

የአዘዞዋ
በርበሬ በሚፈጭበት ወፍጮ? ባለፈው ሳምንት ሽሮ አስፈጭቼ ከፊቴ የነበረችው ሴት በርበሬ አስፈጭታ ኖሯል። ሽሮዬ ቀላ ብሎ ወጣ። ልጆቼ ሲያስነጥሱ አመሹ።

ገንዘብ ያዥ
እፍኝ ገብስ ቀድሞ ይገባና ይጠርገዋል። ሁሌም የምናደርገው ነው።

ላብራቶሪ
ገብስ ይጠርጋል እንጂ አያጥብም። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዱቄቱ በ80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ለ72 ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፣ ይደርቃል። ከዚያ ባክቴሪያ በተዘራበት፣ አጋር በሚባል የረጋ ምግብ ላይ ትንሽ ጉድጓድ እንበሳና እዚያ አሟሙተን እናንጠባጥበዋለን። በ37 ዲግሪ ያድራል። ጠዋት በጉድጓዱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ክብ በሚሊሜትር እንለካለን። እንግዲህ ጎንደር ላይ በርበሬ ብቻውን የሚያስፈጭ ማን አለ? ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ ገብቶበት ነው። ነጭ ሽንኩርት ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ክቡ ቢሰፋ የቀጠጥናው ነው ወይስ የሽንኩርቱ? በምን አውቃለሁ?

ገንዘብ ያዥ
ማነጻጸሪያ አለን ትሉ የለም እንዴ? ተራ ቁጥር 9 ላይ ከፍለንበታል።

ላብራቶሪ
አንዱ ማነጻጸሪያ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው፣ ሌላው ከቅጠሉ የወጣው የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦ። ሁለቱም ወፍጮ ቤት አይሄዱም። ከወፍጮው የመጣውን ሊነግሩኝ አይችሉም።

መሪጌታ
ሙቀጫ እያለ ምን ያጨቃጭቃል? አባቴ ቅጠል ወፍጮ ቤት ልኮ አያውቅም።

የአዘዞዋ
የሚወቅጠው ማን ነው ታዲያ? 12 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ነው። በጀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የተመራማሪ አበል አለ፣ የሹፌር አበል አለ፣ የወቃጭ ግን የለም። ያው እኛ ሴቶቹ በነፃ ልንወቅጥ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እኮ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የእንዶድን ነገር ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ሞቶ ያገኙት ሴቶቹ በእንዶድ በሚያጥቡበት ቦታ ነው። የዶክተሩ ስም ይታወቃል፣ ይገባቸዋልም። የአጣቢዎቹን ስም ግን ማን ያውቃል?

የማራኪው
እትዬ፣ እኔ እወቅጣለሁ። ሁለት ልጆች ይዤ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እመጣለሁ። አበልም አንፈልግም።

ፋርማሲ
ወፍጮው በርበሬ ባይነካውም እኔ እቃወማለሁ። ዱቄት ከወፍጮ ሲወጣ በእጃችሁ ያዙት፣ ትኩስ ነው። የጦስኝ ጉልበቱ ሽታው ላይ ነው፣ ቲሞል የሚባለው። ከሞቀ ይተንናል። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለወባ የኛን አሪቲ ዘመድ ስትመረምር በሙቀት ስትሠራ ውጤቱ አልረጋ ብሏት ነበር። የጥንት መጽሐፍ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ ይላል እንጂ ይቀቀል አይልም። ያን አንብባ ኤተር በሚባል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ስታወጣው ሠራ። በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል አገኘችበት። በሙቀት የጠፋ ነገር ኋላ አይመለስም።

መሪጌታ
ይህ ልጅ ጥሩ ተናገረ። ግን እኔም አንድ ነገር አለኝ። ቅጠል በሜታኖል ነክሬ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ምስርችን በማር ነው የምለውሰው፣ ግራዋን በውኃ። እናንተ የምትመረምሩት የኔን መድኃኒት ነው ወይስ የሜታኖልን?

ላብራቶሪ
መሪጌታ፣ ከተጻፈው ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። በውኃ የወጣውንም ጎን ለጎን እንሞክር። ማሩንም ብቻውን፣ ምክንያቱም ማር ራሱ ባክቴሪያ ይከላከላል። ጸሐፊ፣ ይህን አስገባልኝ።

ገንዘብ ያዥ
ወደ ወፍጮው እንመለስ። አልተወሰነም።

የአዘዞዋ
ወፍጮው ለምን እንዲህ አስጨነቀህ? ያልከው ወፍጮ ቤት የአማችህ አይደለም?

ገንዘብ ያዥ
ይሄን አልጠበቅሁም። ለማኅበሩ 6,000 ብር ላተርፍ ብዬ ሌባ ተባልኩ። አራት ዓመት በነፃ ደብተር ይዣለሁ፣ አንድ ሳንቲም ጎድሎ አያውቅም። ቁልፉንም ደብተሩንም ነገ እመልሳለሁ። ሌላ ፈልጉ።

መሪጌታ
ተው ልጄ። አንቺም ተይ። አማች የሌለው ማን አለ?

የአዘዞዋ፣ ሐሙስ
ከአፌ አምልጦኝ ነው። ሌባ አላልኩም። ሰው ፊት ስላልኩት ሰው ፊት ይቅርታ። ደብተሩ አንተ ጋ ይሁን።

ገንዘብ ያዥ
እሺ። አልፏል።

የአዘዞዋ፣ ቅዳሜ
ሙቀጫውን አጥቤ አሰጣሁ፣ ቡና አፈላሁ። እስከ 6 ሰዓት ጠበቅሁ። የማራኪው ልጅ አልመጣም፣ ስልኩም ዝግ ነው። ግራዋውን ብቻዬን ጀመርኩት። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። መዳፌ መሮ እንጀራው ሁሉ ግራዋ ግራዋ ይለኛል። አንድ ኪሎ ሳይሞላ ተውኩት።

ገንዘብ ያዥ
እንግዲያው የራሳችንን ትንሽ ወፍጮ እንግዛ። ለቅጠል ብቻ የሚሆን፣ በርበሬ የማያውቅ። 45,000 ብር ገደማ ይበቃል።

ፋርማሲ
ቀስ እያለ፣ እያረፈ ከፈጨ አይሞቅም። እደግፋለሁ።

የአዘዞዋ
ወፍጮ ከመጣ ቤት ይፈልጋል። የኔ ጓሮ አለ። ግን ቆርቆሮ ቢኖረው ቅጠሉም ጥላ ውስጥ ይደርቃል። አሁን አልጋ ላይ ነው የማደርቀው።

ገንዘብ ያዥ
ዳሱ 70,000 ይፈጃል። ወፍጮ ካለን ከደባርቅ የሚመጣውን ጦስኝ ፈጭተን አሽገን ለሻይ መሸጥ እንችላለን። ማኅበሩም ራሱን ይችላል። ሱዶሞናስና ከስድስቱ ቅጠል አራቱ ከምርመራው ቢወጡ ይሸፍነዋል።

ላብራቶሪ
ቆይ፣ ነገሩ እኮ ምርመራ ነበር። ሱዶሞናስን ያስገባሁት ለቁስል በጣም አስቸጋሪው እሱ ስለሆነ ነው። ብዙ መድኃኒት አይበግረውም። ቁስሉ አልደርቅ ያለውን ሰው በየሳምንቱ አየዋለሁ፣ ለእሱ ነው የጻፍኩት። ክቡ የታየለትን ቅጠል ደግሞ ስንት ሲቀጥን ባክቴሪያውን እንደሚያቆም በቁጥር ማውጣት አለብን። ሁለት ቅጠል በሁለት ባክቴሪያ ምን ይነግረናል? የመሪጌታስ የውኃውና የማሩ ነገር የት ገባ?

ጸሐፊ
የማሩን አልጻፍኩትም ነበር። ወፍጮው መሀል ገብቶ ረሳሁት።

መሪጌታ
እኔ ዳሱን አልጠላሁም። የጥላ ቦታ ያስፈልገናል። ግን ምርመራው ካልተደረገ ስሜ ገጽ 2 ላይ መኖሩ ለምኔ?

ጸሐፊ፣ ማክሰኞ ማታ
አዲሱ ረቂቅ ይህን ይመስላል። ወፍጮ፣ ዳስ፣ ማሸጊያ። ምርመራው ጦስኝና ምስርች ብቻ ሆኖ በስታፊሎኮከስና በኢ ኮላይ ላይ። ምስርቹ በማርም በሜታኖልም ይሞከራል፣ ማሩ ብቻውን ማነጻጸሪያ ይሆናል። የወቃጭ አበል 4,000 ብር ገብቷል። ለወፍጮው ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልጋል። ነገ ፒያሳ የሚወርድ አለ?

ላብራቶሪ
ሱዶሞናስን በራሴ የላብራቶሪ ኬሚካል እሠራዋለሁ። አንድ እፍኝ ቀጠጥና ብቻ ላኩልኝ፣ በሙቀጫ የተወቀጠ።

የአዘዞዋ
ቀጠጥናውን እኔ እወቅጣለሁ። ፕሮፎርማውን ማን ያመጣል?